ምን ሽቶ ነው

በአራት የታጠፈ ብጣሽ ወረቀት መጣ፣
ከጂኦግራፊ ክፍል፣ በሌላ ልጅ እጅ።
«ቲሞን ይሸታል» ይላል፣
ሁለቴ የተሰመረበት፣ ሌላ ቃል ያጣ፤
መልእክተኛው አፍንጫውን ይዞ ይስቃል ከደጅ።

ልጁ ኋላ ገባ፣ ግድግዳ ግድግዳውን፣
እስከ አገጩ ድረስ ቆልፎ ካፖርቱን።
አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጢም የጀማመረው፣
ድምፁ አንዴ ጣራ ላይ፣ አንዴ ምድር ቤት የሚያድረው።

እኔ ቦጉሚዋ ነኝ፤ ከሰሉ ባለቀበት ከተማ፣ በቢቶም፣
ሃያ ስድስት ዓመት ነርስ ሆኜ ያላየሁት የለም፤
ቅማል ፈትሻለሁ፣ ቁርጭምጭሚት አስሬያለሁ፣
የወለቀ ጥርስ በጥጥ ጠቅልዬ ለእናት ልኬያለሁ።
ይህ ብቻ ግን ከበደኝ፤ በምን ቃል ይጀመራል?
ትኩሳት ቁጥር አለው። ቁስል አዮዲን ይቀባል።
ጠረን ግን ስሙ ሲጠራ ስድብ ይመስላል።

አንዴ ተናግሬ ነበር። ኦቲሊያ ነበር ስሟ።
ዲዮዶራንት ሰጠኋት፣ ገና ሳትቀመጥ፣ በቁሟ፣
«ትልቅ ልጅ ሆነሻል» ብዬ፣ በመማሪያ መጽሐፍ ድምፅ።
ዘጠኝ ቀን ቀረች።
በአሥረኛው ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ መጣች፤
እስከ ሰኔ ድረስ፣ መልሱን እያወቀች፣
እጇን አላወጣች።

ስለዚህ ዛሬ ዝም ብዬ ሚዛኑን አስተካከልኩ።
ቁመቱን ለካሁ፣ አራት ሳንቲም አድጓል፣ ጻፍኩ።
መስኮቱን ልከፍት እጄን ሰደድኩና መለስኩ፤
መስኮትም ይናገራል። ዓይኑ እጄ ላይ ነበር።

ከዚያ አፍንጫዬን እንደ ሐኪም ጠየቅሁት፦
ላብ አለ፣ አዎ፣ የዚህ ዕድሜ ጎምዛዛ ላብ፤
ከላቡ ሥር ጭስ አለ፣ ከጭሱ ሥር እርጥብ
ሱፍ፣ ሳይደርቅ የተለበሰ፣ የምድር ቤት ሻጋታ፣
የቆመ ቧንቧ ሽታ።

«ቤት ውሃ አለ?» አልኩት፣ ካርዱን እያየሁ፣ እንደ ዋዛ።
ማሞቂያው ሁለቴ አንኳኳ።
«ቧንቧው ከገና ጀምሮ በረዶ ነው።
ከጎረቤት በባልዲ እናመጣለን፣
በማንቆርቆሪያ እናሞቃለን።
እናቴ ሌሊት ትሠራለች፤ ሀኒያን የማጥባት እኔ ነኝ፣ አራት ዓመቷ ነው፤
ለእኔ ሲደርስ ውሃው ጥቁር ነው።»
ከዚያ ቀና አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፦
«እሷ ግን አትሸትም።»

ለካ ያውቃል። እኔ ቃል ሳላምጥ
ቃሉን ይዞት ቆይቷል፣ በካፖርቱ ውስጥ።
አንድ ክፍል ሙሉ አፍንጫ «ምን ሽታ ነው?» ብሎ ፊት አዞረ፤
«ልጁ ምን ሽቶ ነው?» ያለ ግን አልነበረ።

ጌራርድን ጠራሁት፣ የጂምናዚየሙን ቁልፍ ያዥ፣ የድሮ ማዕድን ቆፋሪ።
ነገሩን ሳልጨርስ ሳቅ አለ።
«ሠላሳ ዓመት ከጉድጓድ ስንወጣ ጀርባዬን ሌላ ሰው ነው ያጠበልኝ፣
እኔም የሱን። የገዛ ጀርባውን ማን ይደርሳል?
ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ኳስ የሚነፋልኝ ልጅ ይፈልጋል በይው፤
ሻወሩ እዚያው ጎን ነው።
ሙቁን እለቅና ሬዲዮዬን እሰማለሁ።»

ከመሳቢያዬ ሳሙና መረጥኩ፣ ጽጌረዳውን ትቼ፣ ሎሚውን ትቼ፤
ልጅ በአንድ ሌሊት አበባ አበባ ቢል ያም ያሳብቃል፤
ምንም የማይሸተውን ሰጠሁት፣
ከኳስ መንፊያው ጋር አንድ ከረጢት ከትቼ።

ለማዘጋጃ ቤቱ ስለ ቧንቧው ጻፍኩ። መልስ የለም እስካሁን።
ለመምህርቷ ግን ያንኑ ብጣሽ ገልብጬ መለስኩላት ወረቀቷን፦
«ቲሞን አራት ሳንቲም አድጓል።»
ሁለቴ አሰመርኩበት።